ሰባተኛው ሽማግሌ

(ጣና ዳር ባለች አንዲት ቀበሌ፣ አመሻሽ ላይ። ደንገል ቆርጦ ታንኳ የሚሠራው የነገደ ወይጦ ተወላጅ ይማም፣ አቶ ስንሻው ስላጠሩት የሐይቅ ዳርቻ ነገ ክርክር አለበት፤ ክርክሩን የሚዳኙትን የሰባቱን ሽማግሌዎች ሰብሳቢ አያ አድማሱን በራቸው ላይ ቆሞ ይለምናል።)

አድማሱ፦ ነገርኩህ እኮ፤ ሰባቱ ሞልተዋል። ከየእድሩ አንድ ሰው ነው የምንወስደው። የእናንተ ደግሞ ከእድሮቹ ውስጥ የለም።

ይማም፦ ልንገባ ስንለምን «የራሳችሁን አቋቁሙ» ተባልን። አቋቋምን። አሁን ደግሞ «አናውቀውም» ትሉናላችሁ።

አድማሱ፦ እኔ አይደለሁም ያልኩት።

ይማም፦ እርስዎ አላሉም። ሲባል ግን እዚያው ነበሩ።

አድማሱ፦ በራፌ ድረስ መጥተህ ልትገሥጸኝ ነው? ይልቅ ግባና ተቀመጥ።

ይማም፦ መቆሙ ይሻለኛል። ባለፈው የተቀመጥኩበትን በርጩማ ባለቤትዎ ሲያጥቡት አይቻለሁ።

አድማሱ፦ እሷ ያገኘችውን ሁሉ ታጥባለች።

ይማም፦ አቶ ስንሻው የተቀመጡበትንም?

አድማሱ፦ ተው እንግዲህ። ማን እንዲቀመጥልህ ነው የፈለግኸው?

ይማም፦ ሸህ እንድሪስ።

አድማሱ፦ የእናትህ አጎት አይደሉም እንዴ? የተከራካሪ ዘመድ አይቀመጥም። ዘመድህ ያልሆነ አምጣ።

ይማም፦ ከየት? ሰፈሩ በሙሉ ዘመዴ ነው። ከእርስ በርሳችን ሌላ ልጁን የሚድርልን መቼ አገኘን?

አድማሱ፦ ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?

ይማም፦ ከሰባታችሁ አንዱ መሪጌታ የአቶ ስንሻውን ልጅ ክርስትና አንሥተዋል።

አድማሱ፦ ክርስትና ሌላ፣ ሥጋ ሌላ።

ይማም፦ ሌላው ሽማግሌ አቶ ታከለም የአቶ ስንሻው የማኅበር ጓደኛ ናቸው።

አድማሱ፦ አብሮ ጽዋ መጠጣት ዝምድና አይባልም።

ይማም፦ አገሩ ውስጥ ዘመድ ያለን እኛ ብቻ ነና።

አድማሱ፦ አፍህስ ስለት ነው። ለመሆኑ ሸህ እንድሪስ ቢቀመጡ ምን ይጠቅምሃል? አንድ ለስድስት ናቸው።

ይማም፦ እንዲፈርዱልኝ አይደለም። ባለፈው ስናገር ሰባታችሁንም በዓይኔ ዞርኩ። አንዱ ጫማውን ያያል፣ ሌላው ከአቶ ስንሻው ጋር ይሳሳቃል። የገዛ ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ። ደንገሉ ታጥሮ ከቀረ ታንኳ የለም፤ ታንኳ ከሌለ አገር ለቀን መሄዳችን ነው። ይህን ሳልጨርስ ተቀመጥኩ። የምለው የሚገባው አንድ ፊት ባይ ኖሮ እጨርሰው ነበር።

አድማሱ፦ እኔ ሰምቼሃለሁ።

ይማም፦ እርስዎማ ሰምተውኛል። ከእርስዎ ሌላ ግን ማንም።

አድማሱ፦ ስማኝ ይማም። የዝምድናውን ነገር እኔው ተከራክሬ እመልሰው ነበር። ችግሩ መቀመጫው ነው። ሽማግሌ ምትክ የሚሰይመው ለራሱ ብቻ ነው፤ ሌላውን ተነሥ ብል የሚነሣልኝ የለም። የሚነሣ ቢኖር እኔ ነኝ። እኔ ከተነሣሁ ደግሞ ያለህን አንድ ሰው አጣህ። ይቅርብህ፤ ነገ እኔ አለሁልህ።

ይማም፦ አባቴንም አንድ ደግ ሽማግሌ እንዲሁ ብለውት ነበር።

አድማሱ፦ እና?

ይማም፦ አመስግኖ ወደ ቤቱ ገባ። የላይኛው ዳርቻ የዚያን ጊዜ ነው የተወሰደብን። አያ አድማሱ፣ ለሸህ እንድሪስ ይነሡልኝ።