ወድቋል የተባለው ልጅ

ከናዝሬት ወደ ሞጆ በምትሄድ ውይይት ታክሲ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡ አንዲት እናት አጠገባቸው ለተቀመጠ፣ አስተማሪ ለሚመስል ጎልማሳ ያወራሉ።

«ልጄ ማትሪክ አልፎ ዩኒቨርሲቲ ደረሰው።»

«እንኳን ደስ ያለዎት፣ እናቴ!»

«ቀስ በል! ለጎረቤት ወድቋል ብያለሁ።»

«ለምን?»

«ዓይን ፈርቼ ነዋ። ደግሞም አልሰደውም። የእህቴ ልጅ እዚያው ገብቶ በቀይ ሽብሩ ጊዜ እንደወጣ ቀረ። ዲግሪ የሰው ነፍስ ያህላል? ሱቄን ይጠብቅልኝ።»

«የወደቀማ ሱቅ አይጠብቅም፤ ብሔራዊ ውትድርና ነው የሚወስዱት።»

«መውደቁን ማን ነግሯቸው?»

«እርስዎ ነዎታ!»

«እኔ ለቀበሌ መች ተናገርኩ? ለጎረቤት ነው እንጂ።»

«ጎረቤትዎ ማን ናቸው?»

«የቀበሌው ሊቀመንበር ሚስት።»

«በሉ ዛሬውኑ እውነቱን ይንገሯቸውና ዩኒቨርሲቲ ይላኩት።»

«ቆይ፣ ይህን ሁሉ የምትጠይቀኝ አንተስ የት ነው የምትሠራው?»

ሞጆ ገና ሩቅ ቢሆንም፣ መልሱን ሳልሰማ መውረድ አማረኝ።