«ጸሎቱ ጸ» እና «ፀሐዩ ፀ»

አቶ ኃይለማርያም ዓርብ ጠዋት ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ጥግ ጥላ ፍለጋ ጎራ ሲሉ፣ ፀዳልን ስልኳ ላይ አቀርቅራ አገኟት። ከአገሯ ወጥታ ሀራሙስ በሚባለው ሰፈር አንድ ቤት ተቀጥራ የምትኖር ልጅ ናት፤ ዕረፍቷ ዓርብ ብቻ ነው።

«እንደምን አደሩ ጋሼ» ብላ ብድግ አለች።

«ኧረ ተቀመጪ ልጄ። ያለችሽን አንዲት ቀን ለስልክ ሰጠሻት?»

«ፕሮግራም እየጻፍኩ ነው። የኮምፒዩተር ቋንቋ ነው፤ ፓይተን ይባላል።»

«ልብስ ስፌት ብትማሪ አይሻልም?»

«እሱም ጥሩ ነው፤ እኔ ግን ይኼን ወደድኩት። ትእዛዙ አጭር ነው፣ እንደ ሰው ንግግር ይነበባል። ስሳሳት ደግሞ የቱ መስመር ላይ እንደሆነ ይነግረኛል እንጂ አይጮህብኝም።»

ሽማግሌው በሰው ቤት ስንት ጩኸት እንደሚሰማ ያውቃሉ። ግን አልተረቱም። የኢትዮጵያውያን መረዳጃ ማኅበርን መዝገብ ሃያ ዓመት በእጃቸው የጻፉ ሰው ናቸው፤ አምና ወጣቶች ወደ ኮምፒዩተር ሲገለብጡት እንኳ ደስ አላላቸውም።

«ብልሃታችሁንማ አየሁት» አሉ። «ትናንት ውቢት የምትባል ሴት እህቷን ፍለጋ ከድሬዳዋ ድንበር ተሻግራ መጥታ ናጋድ ባቡር ጣቢያ ወረደች። እናታቸው በጠና ታመዋል። በማኅበሩ የስም ዝርዝር አፀደ በፍቃዱ ብለን ብንፈልግ የለችም አለን። ምስኪኗ ነገ ባዶ እጇን ልትመለስ ነው።»

«በየትኛው ፀ ፈለጋችሁ?»

«በፀሐዩ ፀ፣ በአልፋው አ። እህቷ የጻፈችልን እንደዚያ ነው።»

«መዝጋቢው በጸሎቱ ጸ ጽፏት ቢሆንስ? ለእኛ አንድ ድምፅ ነው፤ ለኮምፒዩተሩ ግን ሌላ ፊደል። ካልነገርነው ከየት ያውቃል? እስቲ ዝርዝሩን ይላኩልኝ።»

እያቅማሙ ከስልካቸው ላኩላት። ፀዳል ጸንና ፀን፣ አንና ዐን፣ ሀንና ሐን አንድ አድርጎ የሚያይ ዐሥር መስመር ያህል ጻፈች። አንዴ ተሳሳተች፣ አነበበች፣ አረመች። ሁለተኛ ስታስኬደው አንድ ስም ወጣ፦ ዐጸደ በፍቃዱ፣ ካርቲዬ ዱ ሰፈር፣ ከነስልክ ቁጥሩ።

አቶ ኃይለማርያም ፊታቸው ተለዋወጠ። «በዓይኑ ዐ መጻፍ የእኔ ልማድ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «የሸሸግኳት እኔው ነኛ!»

ለአፀደ ደወሉ። እህቷ እንደመጣች ሲነግሯት «እናቴ አለች?» የሚል ድምፅ ከወዲያ ተሰማ።

«አሉ ልጄ። ስምሽን እየጠሩ ነው።»

ስልኩን ሲዘጉ ወደ ፀዳል ዞሩ። «ጨዋታ መስሎኝ ነበር። የምትወጂው ነገር ሰው የሚያገናኝ ከሆነ፣ ከመጪው ዓርብ ጀምሮ የማኅበሩ አዳራሽ ያንቺ ነው። እንዳንቺ ዕረፍታቸውን ብቻቸውን የሚያሳልፉትን ሰብስቢና አስተምሪ።»

እንዳሉትም ሆነ። በሦስት ወር ውስጥ ዘጠኝ ሴቶች መማር ጀመሩ፤ ጠፉ የተባሉ አራት ሰዎችም ከዚያው ዝርዝር ተገኙ። አፀደ ግን ያን ሁሉ አልጠበቀችም፤ ስልኩ በተደወለ ማግስት ከውቢት ጋር ባቡር ተሳፈረች፣ ለእናቷም ደረሰችላቸው።