ልጅቷ ትሂድበት

ዓመቱን በትክክል አላስታውስም። በደርግ ጊዜ ነው፤ ተሳፋሪው ፊት ለፊት ተያይቶ በሚቀመጥበት፣ ውይይት በምንለው ታክሲ ከቄራ ወደ መካኒሳ እየሄድን ነበር። አንድ ወጣት በሲባጎ የታሰረ ወረቀት ታቅፎ ለጓደኛው ያወራል።

«ልቦለዴን አራሚው እንደገና መለሰው። ፍቅራቸው የእውነት አይመስልም አለኝ።»

«አስተካክለዋ፣ ጓድ ደራሲ!»

«ሰለቸኝ። የመጀመሪያዬም የመጨረሻዬም ይሁን፤ ትቼዋለሁ።»

ዘንቢል የያዙ ሴትዮ ከፊት ለፊቱ ጣልቃ ገቡ።

«ታሪኩ ምንድን ነው፣ ልጄ?»

«ልጁ ይቀጥራታል፣ ይቀራል። ደግሞ ይቀጥራታል፣ ይቀራል። እሷ ዝናብ ላይ ቆማ ትጠብቀዋለች።»

«አትቆጣም?»

«ትወደዋለቻ፣ እማማ።»

«ብትወደውስ! እኔ ባሌን እንደዚያ እየወደድኩት፣ አንድ ቀን ቢያስጠብቀኝ ጥዬው ሄድኩ።»

«ከሄደችማ መጽሐፉ አለቀ።»

«ምኑ ያልቃል? ገና መጀመሩ ነው! ሰውየው እናቴ ቤት ድረስ እየሮጠ መጣ። በሩን አልከፍትም አልኩ።»

ታክሲው በሙሉ ሳቀ። ወጣቱ ግን ሲባጎውን እየፈታ ነበር።

«በሩ ላይ ቆመው ምን አሉዎት?»

«እሱን ለአንተ አልነግርህም! ራስህ ጻፈው። ወራጅ አለ!»

«እማማ፣ ስምዎን ይንገሩኝ፤ መጽሐፉ ላይ አመሰግንዎታለሁ።»

«መጀመሪያ ጨርሰው!» አሉና ወረዱ። ዘንቢላቸውን አንስተው ጥቂት ከተራመዱ በኋላ ግን ዞር ብለው ስማቸውን ነገሩት።

እኔም ጥጌ ላይ እንደተቀመጥኩ፣ ድምፅ ሳላሰማ፣ የነገሩትን ስም ለራሴ ደገምኩት፦ ወይዘሮ አስካለ።