ላም በእንግሊዝኛ

(ሁለተኛ «ሀ» ክፍል፣ የእረፍት ሰዓት። ወጣቷ የእንግሊዝኛ መምህርት ትርሲት የፕሮጀክተሩን ገመድ ትጠቀልላለች፤ የሁለተኛ «ለ» የእንግሊዝኛ መምህር ጋሽ ዳምጤ፣ እጃቸውን ጠመኔ እንደነካው፣ በሩን ይዘው ቆመዋል።)

ዳምጤ፦ ማርያምን እልሻለሁ ትርሲት፣ አንዲት ቃል ጨምሬ እንደሆነ ምላሴን ይቁረጠው። ያ ቪዲዮሽ ልጆቹን አበላሽቷቸዋል።

ትርሲት፦ ባለፈው ሳምንት ደግሞ ፕሮጀክተሩ የልጅ ቅንድብ ያረግፋል ብለው ነበር ጋሼ።

ዳምጤ፦ ያረግፋል አላልኩም። ያሳሳል ነው ያልኩት።

ትርሲት፦ እሺ፣ የዛሬውስ?

ዳምጤ፦ ካንቺ ክፍል አንዱን ልጅ፣ ላም በእንግሊዝኛ ማን ትባላለች ብዬ ብጠይቀው፣ «ሎዲንግ» አለኝ።

ትርሲት፦ ምን አለ?

ዳምጤ፦ ሎዲንግ። ቪዲዮሽ ላሟ ላይ ሲደርስ ኔትወርኩ ይጠፋል፤ ያቺ ክብ ነገር ግንባሯ ላይ ትሽከረከራለች፤ ከሥሯ «ሎዲንግ» ይላል። ልጁ ስሟ መስሎት ያዘው። አባቱ ከብት ተራ ወስዶት በሬ ቢያይ፣ «አባዬ፣ ትልቅ ሎዲንግ» ብሎ ጮኸ። አባትየው በሀፍረት እስካሁን ከቤት አልወጣም።

ትርሲት፦ ቪዲዮውን እኮ አውርጄ በፍላሽ ነው የማመጣው። ኔትወርክ ከየት መጣ?

ዳምጤ፦ የናንተን ዕቃ እኔ ምን አውቄ። ፍላሹም ይጠፋበት ይሆናል።

ትርሲት፦ ጋሼ፣ ዙሪያውን አይሂዱ። ምን ላድርግልዎት?

ዳምጤ፦ ለዳይሬክተሩ «ቪዲዮው አልሠራልኝም» በይልኝ። ከሁለተኛው ወሰነ ትምህርት ጀምሮ የኔንም ክፍል ላንቺ ሊሰጥሽ ነው። እኔን ንብረት ክፍል ሊያስቀምጠኝ፣ የተሰበረ ወንበር ልጠብቅ።

ትርሲት፦ እኔ እንዲህ ይሁን አላልኩትም።

ዳምጤ፦ አንቺማ ምን አለፋሽ። ልጆቼ አሉልሽ። ሽንቴ መጣ እያሉ ይወጣሉ፤ ብፈልጋቸው መስኮትሽ ላይ ተለጥፈዋል። እኔ ክፍል ሽንት የማይመጣው እንቅልፍ የወሰደው ብቻ ነው።

ትርሲት፦ እኔ ደግሞ በርዎ ሥር ቆሜ ሰምቼ ቀንቻለሁ።

ዳምጤ፦ አትቀልጂብኝ።

ትርሲት፦ የኔዎቹ ከቪዲዮው ጋር ይዘፍናሉ፤ ስማቸውን በእንግሊዝኛ ስጠይቃቸው ግን ግድግዳውን ነው የሚያዩት፣ መልሱ እንዲወጣላቸው። የርስዎዎቹ ይመልሳሉ፤ መልሰውም ይጠይቁዎታል። ለዳይሬክተሩ አብረን እናስተምር ብዬ ልነግረው አስቤያለሁ።

ዳምጤ፦ ከኔ ጋር?

ትርሲት፦ ከርስዎ ጋር። ብቻ መጀመሪያ ያንን ልጅ ያሳዩኝ፤ እንደዚያ ገብቶት ከሆነ ቪዲዮውን እለውጠዋለሁ።

ዳምጤ፦ ተይው፣ ልጅ ነው።

ትርሲት፦ ማነው ጋሼ?

ዳምጤ፦ ቃለአብ።

ትርሲት፦ ቃለአብ እኮ የርስዎ ተማሪ ነው።

ዳምጤ፦ እንግዲህ እሷን አንዷን ቃል ብቻ ጨምሬያለሁ። ቪዲዮ አልነበረም። ላሟን ሰሌዳ ላይ እየሳልኩላቸው ነበር፤ ገና ቀንዷ ላይ ነኝ። ቢጠብቅ ቢጠብቅ አላልቅ ስትለው እጁን አወጣና፣ «ቲቸር፣ ሎዲንግ ነው?» አለኝ።