አልነሳ ያለው ላፕቶፕ

ከቡታጅራ ወደ ወልቂጤ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ የተቀመጠችው መምህርት፣ አጠገቧ የገባውን የሰፈሯን ወጣት አየችው። ላፕቶፗ ጭኗ ላይ ነበር።

«ሰሚር፣ በዚህ ላፕቶፕ ፍላሽህ ላይ ሊኑክስ የምትለውን የኮምፒውተር ሲስተም ጭነህ ከሄድክ ወዲህ አልነሳ አለኝ።»

«ምን ይልዎታል፣ እትዬ ዘይነባ?»

«ጥቁር ሆኖ በእንግሊዝኛ አንድ መስመር ይጽፋል። የመመረቂያ ጽሑፌ እዚህ ውስጥ ነው፤ የማስረክበው ደግሞ ዛሬ ነው።»

«ሌላ ቦታ አላስቀመጡትም?»

«የት ላስቀምጠው? ወላሂ ሦስት ቀን እንቅልፍ አላየሁም።»

ወጣቱ ላፕቶፑን ከፍቶ መስመሩን አነበበ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው። የማስነሻ ፕሮግራሙን ፍላሼ ላይ መጻፍ ሲገባኝ የእርስዎ ሃርድ ዲስክ ላይ ጻፍኩት። ላፕቶፑ ያለ ፍላሼ አይነሳም።»

«በሚገባኝ ንገረኝ።»

«ቤትዎን ቆልፌ ቁልፉን ይዤ ሄጃለሁ።»

ፍላሹን ከቁልፍ መያዣው አውጥቶ ሰካው።

«ዝርዝር መጣ። የመጨረሻውን፣ የድሮውን ዊንዶውስዎን፣ ይምረጡ።»

መምህርቷ መርጣ ጽሑፏን ፈለገች።

«አልሐምዱሊላህ። አለ። ምዕራፍ አምስትም አለ።»

«ወልቂጤ ስንደርስ አስተካክልልዎታለሁ። እኔ ግን መንገድ ላይ ወራጅ ነበርኩ።»

«ዛሬ ወራጅ የለም። አርፈህ ተቀመጥ።»

እኔም ትናንት ቡታጅራ በአጎቴ ኮምፒውተር ሊኑክስ የጫንኩበትን ፍላሽ ኪሴ ውስጥ ዳሰስኩት።