ስለ ፈረሰኞቹና ስለ በረንዳው አርማታ የተሰጠ ቃል

የምስክር ቃል መቀበያ

የቃል ሰጪ ስም፦ በዚህ ግልባጭ ላይ እንዳይጻፍ ተደርጓል፤ በሰፈሩ «እታለም» በመባል ትታወቃለች
ዕድሜ፦ 43
ሥራ፦ የኮምፒውተር ጌም ቤት ባለቤት
አድራሻ፦ ከጎማ ጠጋኙ ፊት ለፊት፣ ከፎቁ ሥር፣ አረንጓዴ የብረት በር ያለው ቤት
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ሰኞ ረፋድ ላይ
ጉዳዩ፦ እሁድ ከሰዓት በኋላ በጌም ቤቱ ውስጥ ስለተነሳው ጠብና ስለተሰበረው ስክሪን

ይህን ቃል የምሰጠው በፖሊስ ተጠርቼ ነው፤ ባልጠራም ግን በራሴ እግር እመጣ ነበር። ስምንት ኮምፒውተር ያለበት ጌም ቤት አለኝ። ደንበኞቼ ተማሪዎች፣ ሹፌሮች፣ ከሥራ የወጡ ጥበቃዎችና ከሚስታቸው የሚሸሹ ባሎች ናቸው። መሳደብና ጠረጴዛ መደብደብ ክልክል መሆኑን በትልቁ ጽፌ ግድግዳው ላይ ለጥፌያለሁ። ተጠርጣሪው የሕንፃ ተቋራጭ ነው፤ ይህን ጽሑፍ አንድም ቀን ያነበበው አይመስለኝም። እስከ እሁድ ድረስ «አንቱ» ነበር የምለው። ከእሁድ ወዲህ አንቱታው ከአፌ አልወጣ ስላለኝ በዚህ ቃል ውስጥ «እሱ» ተብሎ እንዲጻፍልኝ ጠይቄያለሁ።

ተቋራጩን የማውቀው በታናሽ ወንድሜ በኩል ነው። ወንድሜ በእሱ ሥር በቀን ሠራተኛነት ለብዙ ጊዜ ሠርቷል። ባለፈው ዓመት ሰውየው በሚያሠራው አንድ ሕንፃ ላይ የበረንዳው ጣሪያ አርማታ ከተሞላ በኋላ፣ ገና ሳይደርቅ፣ ከሥሩ የቆመው የድጋፍ እንጨት ተነቀለ። ወንድሜ እንጨቱን በማውጣት ላይ ሳለ አርማታው ወረደበት። ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች ደቀቀ። እንጨቱ የተነቀለው ለሌላ ግንባታ ተፈልጎ መሆኑን እዚያ የነበረ ሠራተኛ ሁሉ ያውቃል። ተቋራጩ ግን ወንድሜ ሆስፒታል ራሱን ስቶ በተኛበት፣ «ማንም ሳያዘው በራሱ ችኮላ ነቀለው፤ ሲነግሩት የማይሰማ ልጅ ነው» ብሎ ለመርማሪዎች ቃል ሰጠ። ሠራተኞቹም መተዳደሪያቸው በእሱ እጅ ስለሆነ ሆድ ይፍጀው ብለው ዝም አሉ።

ከዚያ ወዲህ ወንድሜን የሚቀጥር ጠፋ። ቁጭ ብሎ የሚሠራ ሥራ እንኳ ሲጠይቅ «ትእዛዝ የማይሰማው ልጅ» ይሉታል። ሰውም ሲያዝንለት «ምን ይደረግ፣ በገዛ እጁ ነው» እያለ ነው የሚያዝንለት። ወንድሜ አንድም ቀን አልተከራከረም። ጠዋት ጌም ቤቱን ይከፍትልኛል፣ ከዚያ በሩ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ተቀምጦ ይውላል። በቤታችን ውስጥ ሰውን ሁሉ የሚያስቀው እሱ ነበር፤ አሁን ሲጠሩት ብቻ ነው የሚናገረው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እኔ ደግሞ የተወጋው ሰው እህት ነኝ፤ ከተወጋውም እብሳለሁ።

ተቋራጩ ከአደጋው በኋላም ወደ ቤቴ መምጣቱን አላቆመም። እሁድ እሁድ ከጓደኞቹ ጋር ይመጣል። በሩ ላይ ወንድሜን «እግርህ እንዴት ነው?» ብሎ ትከሻውን መታ መታ ያደርገውና መልስ ሳይጠብቅ ያልፋል። ለምን አላባረርሽውም ተብዬ ስጠየቅ፣ ባባርረው የት አገኘዋለሁ ብዬ ነው እላለሁ።

የሚጫወተው የጥንት ነገሥታት የጦርነት ጌም ነው። ሁለት ሰው በሁለት ኮምፒውተር ይገጥማል። እያንዳንዱ በጥቂት ገበሬዎች ይጀምራል፤ እህል እያሳረሰ፣ እንጨት እያስቆረጠ፣ ወርቅ እያስቆፈረ ከተማ ይሠራል፣ ሠራዊት ያወጣል። ተራ መጠበቅ የለም፤ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ነው የሚሄደው። ቃሌን የሚጽፉት መርማሪ ከዚህ በታች ስለሚገደሉት ገበሬዎች ማንነት ስለጠየቁኝ፣ የተገደሉት በሙሉ ስክሪን ላይ ያሉ ሥዕሎች መሆናቸውን አረጋግጣለሁ።

ተቋራጩን በዚህ ጌም የሚደፍረው አልነበረም። «ንጉሥ» ነው የሚሉት። አጨዋወቱ ሁልጊዜ አንድ ነው። ከፊት ለፊት ወፍራም የድንጋይ ግንብ ይገነባል፣ ከግንቡ ኋላ ሆኖ ወርቅ ያጠራቅማል፣ በመጨረሻ የብረት ጥሩር የለበሱ ከባድ ፈረሰኞቹን አሰልፎ ይወጣና ያገኘውን ሁሉ ይደመስሳል። ከጀርባው ግን ግንብ አይሠራም። ድንጋይ ለመቆጠብ ሲል የግንቡን ሁለት ጫፍ ጫካ ላይ ያስደግፈዋል። በዚያ ጌም ጥቅጥቅ ባለ ዛፍ መሃል ማለፍ ስለማይቻል ጫካው ራሱ እንደ ግንብ ያገለግላል። ይህን ያየሁት ከኋላው ቆሜ ነው። ቆይቼ ሌላም ነገር አየሁ። እንጨት ቆራጮቹን የሚያሰማራው ለቅርበቱ ሲል እዚያው ጫካ ላይ ነው። ግንቡን ያስደገፈበትን ዛፍ መልሶ ራሱ ያስቆርጠዋል። እስከዛሬ ያልተያዘው ክፍተቱ ሳይከፈት ተጋጣሚውን ስለሚጨርስ ነው። ይህን ባየሁ ቀን ጓዳ ገብቼ ውሃ ጠጥቼ ተመለስኩ።

ቤቱ ጠዋት ጠዋት ባዶ ስለሆነ በዚያ ሰዓት እየተቀመጥኩ ጌሙን ተማርኩ። መጀመሪያ በከባድ ፈረሰኛ ሞከርኩ፤ በዚያ እሱን መግጠም ከበሬ ጋር በቀንድ መጋፋት እንደሆነ ገባኝ። ስለዚህ ቀላል ፈረሰኛን መረጥኩ። ቀላል ፈረሰኛ ጥሩር የለውም። ጦር የያዘ እግረኛ ካገኘው አንድ አፍታ አይቆይም፤ ግንብ ቢመታም ግንቡ አይሰማውም። ነገር ግን ወርቅ አይጠይቅም፣ በእህል ብቻ ይወጣል፤ ሩቅ ያያል፤ ሲሮጥ የሚደርስበት የለም። ሥራው ጠባቂ የሌለው ሠራተኛ ዘንድ ደርሶ መምታትና መሮጥ ነው። ከባድ ፈረሰኛ ሲመጣበት ይሸሻል፤ ያ ሲመለስ ይመለሳል። ተናዳጅ ሰው ይህን ነገር አይችለውም፤ የመረጥኩትም ስለዚህ ነው። ወንድሜ አንድ ጠዋት ሲያየኝ ቆይቶ «እታለም፣ ምን ነካሽ? ይሄ እኮ የልጅ ጨዋታ ነው» አለኝ። «ግድ የለህም፣ እኔ የምጫወተው የልጅ አይደለም» አልኩት።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ተቋራጩ ሦስት ጓደኞቹን አስከትሎ መጣ። እንደ ልማዱ የወንድሜን ትከሻ መታ አድርጎ አለፈ። የሚገጥመው ሰው ሲያጣ «ዛሬ ንጉሥን የሚደፍር ጠፋ?» አለ። «እኔ ልሞክርዎት» አልኩት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። «እታለም፣ አንቺ በርሽን ጠብቂ ባክሽ» አለኝ። «ምነው፣ ፈሩ እንዴ?» ስለው ወንበር ስቦ ተቀመጠ። እኔም ጥጉ ላይ ካለው ኮምፒውተር ተቀመጥኩ። የሌሎቹ ደንበኞች ጨዋታ ቆመ፤ ሁሉም ከኋላችን መጥቶ ቆመ።

እንደጠበቅሁት ግንቡን ከፊት ሠራ፣ ጫፉን ጫካ ላይ አስደገፈ፣ ቆራጮቹን እዚያው አሰማራ። እኔ እህል ማሳረስ ላይ ነበርኩ። አንድ ፈረሰኛ ብቻ ልኬ፣ ዛፎቹን እንዲያይልኝ ከጫካው ማዶ አቆምኩት። ከባድ ፈረሰኞቹ ወጥተው ሲመጡ እንኳ አልገጠምኳቸውም፤ ፈረሰኞቼን ይዤ ዞር አልኩና አንድ ባዶ ጎተራዬን እንዲያቃጥሉ ተውኩላቸው። «ምን ትሮጫለሽ፣ ነይ እንጂ!» እያለ ይስቅ ነበር። ጓደኞቹም አብረውት ሳቁ። እኔ የማየው ዛፎቹን ነበር። እየሳሱ፣ እየሳሱ ሄዱና የመጨረሻዋ ዛፍ ወድቃ አንድ ፈረስ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ተከፈተ። ሠላሳ ቀላል ፈረሰኛ በዚያ በኩል አስገባሁ።

በመጀመሪያ ቆራጮቹን፣ ቀጥሎ ገበሬዎቹን መታሁ። ከባድ ፈረሰኞቹን ከሩቅ ጠርቶ እስኪያደርስ ድረስ በዚያው ቀዳዳ ወጣሁ። እስከ ካርታው ዳር አባረረኝ። እሱ ሲያባርር ሌሎቹን ፈረሰኞቼን ወርቅ ቆፋሪዎቹ ላይ ለቀቅኳቸው። ሲመለስ ሸሸሁ፣ ሲወጣ ተመለስኩ። ጦር የያዙ ጥቂት እግረኞች ቀዳዳው ላይ ቢያቆም ኖሮ ያከትምልኝ ነበር፤ እግረኛ ማውጣት ግን ለንጉሥ ውርደት ሆነበት። ጠረጴዛውን መደብደብ ጀመረ። ወርቁ እያለው የሚያርስለት አጣ። በዚያ ሰዓት ምን እንደተሰማኝ ስጠየቅ፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ እላለሁ፤ ይህን በመናገሬም አላፍርም።

ከኋላ የቆመ አንድ የታክሲ ሹፌር «ንጉሥ፣ ሰዎችህ እኮ አጥርህን ቆርጠው ጨረሱት! አይሰሙህም እንዴ?» አለው። ሰው ሁሉ ሳቀ። የገዛ ጓደኞቹም ሳቁ። ተቋራጩ ከወንበሩ ተነስቶ ቆመና «እኔን ነው የማይሰሙኝ? እኔን?» አለ። ቀጥሎም በቤቱ ያለ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «እኔ በማሠራው ሥራ ላይ፣ እኔ ሳላዝ አንዲት እንጨት ከቦታዋ የሚነቅል ወንድ አልተወለደም! አንድም ቀን! አንድም ሰው!» በማለት ተናገረ።

ወንድሜ ከወንበሩ ተነሳ። ድምፁን ከፍ ሳያደርግ «አለቃ፣ እንግዲያው የበረንዳውን እንጨት ማን አስነቀለኝ?» አለው። አንዱ ጓደኛው ነገሩ ገብቶት «ተወው፣ እንሂድ» እያለ እጅጌውን ይጎትተው ነበር። ተቋራጩ ግን ደሙ ፈልቷል። «እኔ ነኝ! ለሌላው ሥራ ይፈለግ ነበር፣ አስነቀልኩት! ታዲያ አንተ ዞር ማለት አቃተህ?» አለው። ይህን ያለው እግሩ ለደቀቀ ልጅ ነው።

እኔ በዚህ ጊዜ የተናገርኩት አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «ይድገሙት» አልኩት። ያን ጊዜ ያለውን ያወቀ መሰለኝ። ፊቱ አመድ መሰለ፤ ኪቦርዱን አንስቶ ስክሪኑን ሁለት ጊዜ መታው፣ ወደ እኔም ሊመጣ ሲል ሹፌሩና አንድ ጥበቃ ያዙት። ሰደበችኝ፣ ተፋችብኝ ብሎ ያመለከተው ሐሰት ነው። የእሱ ስክሪን ቢሰበርም በእኔ በኩል ጨዋታው አልቆመም ነበርና፣ ፖሊስ እስኪመጣ ድረስ ተቀምጬ የቀሩትን ገበሬዎቹን ጨረስኩ፣ ከተማውን አቃጠልኩ። ይህ አስፈላጊ ነበር ወይ ተብዬ ስጠየቅ፣ ለእኔ አስፈላጊ ነበር እላለሁ።

ይህን ቃል ከአፉ ለማውጣት አስቀድመሽ ተንኮል ሸርበሻል ወይ ተብዬ ተጠይቄያለሁ። አልሸረብኩም። እኔ የፈለግሁት የተደገፈበት ነገር ሲነሳበት ሰው ፊት እንዲያይ ነው፤ ከዚያ በላይ አላሰብኩም። ያናገረው ኩራቱ ነው። ቂም አለሽ ወይ ለተባልኩትም፣ አዎ፣ አለኝ። ቂሜ ግን የሰማሁትን አላጣመመብኝም። እኔን የማያምን ሰው ሹፌሩንና ጥበቃውን፣ ካልሆነም የራሱን ጓደኞች ይጠይቅ።

ዛሬ ጠዋት እጅጌውን ይጎትተው የነበረው ጓደኛው ቤቴ መጥቶ፣ ከበፊቱ የሚበልጥ ስክሪን እንደሚገዛልኝና ነገሩ በእርቅ እንዲያልቅ ጠየቀኝ። «ጌም ነው እኮ፤ በንዴት የተነገረ ነገር ለምን ፖሊስ ጋ ይሄዳል?» አለኝ። ስክሪኑን እኔው እተካለሁ፣ እሱ የወንድሜን ስም ይተካ ብዬ መለስኩት። ስለ ስክሪኑ የማቀርበው ክስ የለም። አልታረቅም።

ባለፈው ዓመት ስለ አደጋው ቃል ሲወሰድ ወንድሜ ራሱን አያውቅም ነበር። ከነቃም በኋላ ቃልህን ስጥ ብሎ የጠራው የለም፤ ስለ እሱ የተጻፈው ሁሉ ሌላ ሰው የተናገረው ነው። ዛሬ ወደዚህ ልወጣ ስል ጫማውን አስሮ በር ላይ ጠበቀኝ። የጣቢያውን ደረጃ ስንወጣ ልደግፈው ብል እጄን መለሰው። አሁን ኮሪደሩ ላይ ተቀምጧል።

ከላይ የሰፈረው ተነቦልኛል፤ እኔ ያልኩት ነው፤ ሐሰት ቢገኝበት በሕግ እጠየቅበታለሁ። የምትጨምሪው አለ ወይ ተብዬ ስጠየቅ፣ የሚጨምረው ወንድሜ ነው፣ አስገቡት ብያለሁ።

የቃል ሰጪ ፊርማ፦ ተፈርሟል
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ ተፈርሟል