ከሩጫ በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ

የግል ስፖርት አሠልጣኞችን አስተምሮ የሙያ ፈቃድ ለማግኘት የሚያበቃው ትምህርት ቤት፣ እኔ ቋንቋ ከማስተምርበት ክፍል በላይ ባለው ፎቅ ይገኛል። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ደረጃው ሥር ጎረቤቴን አገኘኋቸው። ዕድሜያቸውን በሙሉ ወጣቶችን ክብደት ሲያስነሡ የኖሩ፣ ሰፈሩ «ብረቱ» ብሎ የሚጠራቸው ሽማግሌ ናቸው።

«ደህና አደሩ ጋሼ፤ ምን እግር ጣለዎት?» አልኋቸው።

«ልጄን ላስወጣ ነው የመጣሁት» አሉ። «ያለ ፈቃድ ሰው ማሠልጠን አይቻልም አሉኝ። እኔ ማን ፈቅዶልኝ ነው ሰፈሩን ሁሉ ያፈረጠምኩት? የስፖርት አዳራሼን ትረከበኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ እሷ እዚህ የአጥንት ስም ታጠናለች።»

«የአጥንቱን ስም ማወቋ ምን ጎዳዎት?»

«ጊዜዋን በላባት፣ መምህር። አዲስ ሰው ሲመጣ ሜዳውን አስሮጠዋለሁ። ከቆመ ይቀጥላል፤ ከወደቀ ወደ ቤቱ። ይኼ ምን የሚያስጠና ነገር አለው?»

የወደቀው ለምን እንደ ወደቀ ጠይቀው ያውቁ እንደ ሆነ ብጠይቃቸው ሳቁብኝ። እንዲሁ እየተከራከርን ግድግዳው በመስተዋት ወደ ተሸፈነው መለማመጃ ክፍል ገባን። ዕለቱ ተማሪዎቹ የማያውቁትን ሰው ተቀብለው የሚያሠለጥኑበት ቀን ነበር፤ የተጋበዘው ሰው ግን ቀርቶ ነበር። ሽማግሌው ኮታቸውን አውልቀው አስያዙኝና የክፍሉን መምህርት፣ «እኔ አለሁ፤ ልጄ ታሠልጥነኝ። ላብ ካወጣችልኝ ትቆያለች፤ ካላወጣችልኝ ዛሬውኑ ይዣት እሄዳለሁ» አሏት።

ከተማሪዎቹ መካከል የነበረችው ልጃቸው ፊቷ ተለዋወጠ፤ ቢሆንም ወደ አባቷ ቀረበች።

«አባዬ፣ የሚያምዎት ነገር አለ?»

«አዎ፤ ጥያቄ ሲበዛ ያመኛል።» ተማሪዎቹ ሳቁ።

«ደረትዎን የሚከብድዎት ጊዜስ?»

«የለም አልኩሽ። ይልቅ ብረቱን አምጪ።»

እርሷ ግን ባሉበት ቆመው ቀስ ብለው እግራቸውን እንዲያነሡ፣ እያነሡም ስለ ወጣትነታቸው እንዲያወጉ ጠየቀቻቸው።

«በሥራ ላይ ወሬ?»

«ሥራው ወሬው ነው አባዬ። ትንፋሽዎን የምሰማው በእሱ ነው።»

ስለ መጀመሪያ ውድድራቸው እያወጉ ሳሉ ቃላቸው እያጠረ ሄደ፤ ኋላም አንዱ ዐረፍተ ነገር ከመካከሉ ተቆረጠ። እኛ የረሱትን የሚያስታውሱ መስሎን ጠበቅን። ልጅቱ ግን ግራ ትከሻቸውን ሲያሹ አየችና «በቃ፤ ይቀመጡ» አለች።

«ገና ምኑ ተነካና? ቀጥዪ።»

«አልቀጥልም። ሐኪም ሳያይዎት ብረት አላስነካዎትም።»

«ላብ አላወጣሁም። ያልኩትን ሰምተሻል።»

«ሰምቻለሁ። ይዘውኝ ይሂዱ፤ ግን መንገዳችን በሐኪም ቤት በኩል ይሁን።»

መጻሕፍት ሳነብ የኖርሁ ሰው ነኝ፤ የሰው ገላ እንደዚህ ሊነበብ መቻሉን ያወቅሁት ግን ያን ዕለት ነው። ሽማግሌው እስትንፋሳቸው እየተቆራረጠ ያወጉትን ያንኑ ወግ እኔም ሰምቼው ነበር፤ አንዲት ወጣት ልጅ ከውስጡ የሰማችውን ግን አልሰማሁም። በአድናቆት እጄን በአፌ ላይ ጫንሁ።

ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሕመሙ ከረመብኝ እኮ። ለእናትሽ እንዳትነግሪያት» አሉ።

«ለእናቴስ እርስዎ ራስዎ ይነግሯታል» ብላ እጃቸውን ይዛ አስነሣቻቸው።

ሐኪሙ የልባቸው ደም ሥር መጥበቡን አገኘ። ታክመው በልኩ እንዲራመዱ ተፈቀደላቸው፤ ልጅቱም ትምህርቷን ቀጥላ፣ ፈተናውን አልፋ የሙያ ፈቃዷን ተቀበለች። ከዚያ በኋላ በአዳራሻቸው ስጎበኛቸው «እንግዲህ ምን ይላሉ?» አልኋቸው።

«ምን እላለሁ፣ መምህር? ስንቱን ሰው ሳልጠይቅ አስሮጥኩ። አንድም ሰው ያልሞተብኝ በፈጣሪ ቸርነት ነው እንጂ በእኔ ብልኃት አይደለም። ጉልበት ያለው ሁሉ ማሠልጠን የሚችል ይመስለኝ ነበር። አሁን ልቡ የደከመው በልኩ ይራመዳል፤ ወገቡን የሚያመው ሳይጎዳ ይጠነክራል፤ ሐኪም የሚያሻውም በጊዜ ይሄዳል። ይህን የሚለይ የተማረ ሰው ነው።»

ይህን ሲናገሩ አንድ ወፍራም ዳቦ ጋጋሪ ገባ። «ጋሼ ብረቱ፣ ይህን ቦርጭ ያጥፉልኝ። ስንት ዙር ልሩጥ?»

ሽማግሌው እዚያው ወደምታሠለጥነው ልጃቸው አመለከቱት። «አሠልጣኟ እሷ ናት። የምትጠይቅህን እውነቱን ንገራት፤ ለመዋሸት እኔም ሞክሬ አልሆነልኝም።»